ዝም ሲል

ልብስ ሰፊዋን የገዛ ባልሽን ማንኮራፋት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቆመሽ ትሰሚያለሽ ቢሏት ኖሮ፣ ሂዱ ወዲያ ትል ነበር። ሰውየውን ቤት፣ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ትታው ነው የወጣችው። ሰልፉ እንደወትሮው ከበሩ ጀምሮ እስከ መብራት ምሰሶው ተጎትቷል፤ ዳቦው ካለፈው ሳምንት ወዲህ እንደገና አንሷል፣ ዋጋው ግን ማነስ የሚባል ነገር አያውቅም። ከፊቷ ሁለት ሴቶችና አንድ ባለ ኮፍያ ጎልማሳ በአንዲት ስልክ ላይ ተደፍተው ይንከተከታሉ። ከስልኩ የሚወጣው መጀመሪያ የእንጨት መጋዝ መሰላት። ቀጥሎ አሮጌ የጭነት መኪና ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር መሰላት። ሦስተኛው ሲመጣ ግን እግሯ መሬት ላይ ተተከለ። መጨረሻው ላይ ቀጥና ቀጥና ወደ ፉጨት የምትሄደውን ያቺን ጅራት ከዚያ ሰልፍ ሁሉ የምታውቃት እሷ ብቻ ናት፤ ትዳር ከያዘች ጀምሮ ጆሮዋ ሥር ስታድር ኖራለች።

«ሞባይል ጠጋኙ ልጅ ነው የቀዳው» አለች ስልኩን የያዘችው ሴት። «ከግድግዳው ማዶ ነው የሚያድረው አሉ። ድምፅ በሚለካ ነገር ለክቶት፣ እንጨት ቤቱ ያለውን የመሰንጠቂያ ማሽን ይበልጣል እያለ ነው።»

«እሱ ምን ይገርማል» አለ ባለ ኮፍያው። «ባሕር ማዶ አውሮፕላን የምታስንቅ ባልቴት አለች ሲሉ ሰምቻለሁ። በማንኮራፋት ታውቃ ምስክር ወረቀት ሁሉ ሰጥተዋታል አሉ።»

«ምስክር ወረቀቱንስ ለባሏ ነበር መስጠት!»

ሰልፉ ሳቀ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ልብስ ሰፊዋ ሳይታወቃት ትንፋሿን ያዘች። ሌሊት ሌሊት የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ እሱ መተንፈስ ሲያቆም እሷም ታቆማለች፤ የእሷ ደረት ቀድሞ እጅ ከሰጠ ክርኗን ጎኑ ላይ ትሰካለች። «ሞተ እንዴ?» አለች ስልክ የያዘችው፣ ሌሎቹም ፈነዱ። የልብስ ሰፊዋ ደረት ተቃጠለ፣ ጆሮዋ ጭው አለ፣ እጅ ሰጥታ አየር ሳበች። እሱ ገና ነው። ከቆይታ በኋላ ውሃ ሊወስደው ነበር የተባለ ሰው ብቅ እንደሚል፣ አንድ ጊዜ ተናንቆና አጓርቶ ተመለሰ። «ይኸው ተነሣ!» አለ ባለ ኮፍያው፤ አንደኛዋ ሴት በሳቅ ብዛት ምሰሶውን ተደገፈች።

ተናደደች። አፈረችም። የሰው ልጅ ተኝቶ የሚያደርገውን እሱ ራሱ አያውቀው፣ በምን ዕዳው ነው ከማንም ጋር ዳቦ ሰልፍ የሚሰለፈው? ከንዴቱም ከእፍረቱም በላይ ግን ፈራች። ጨለማ ነገርን ያገዝፋል፣ እኔ ነኝ ያበዛሁት እያለች ራሷን ስታታልል ነው የከረመችው። ይኸው በጠዋት ፀሐይ፣ በሰው ስልክ፣ በሰው ሳቅ መሃል ዝምታው ያው ራሱ ሆኖ ተገኘ፤ ቅንጣት አላጠረም። «የኔ ባል ነው» የሚለው ቃል ከንፈሯ ድረስ መጣ። ዋጠችው። ዳቦዋን ተቀብላ፣ መልሱንም ሳትቆጥር አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤታቸው በረጅም ግቢ ውስጥ በኮምፔንሳቶ ከተከፋፈሉት የኪራይ ክፍሎች የመጨረሻው ነው። ሁለት ክፍል ይባላል እንጂ የሚለየው መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪናዋ፣ የተቆረጡ የተማሪ ዩኒፎርሞች ክምርና የአማቷ አልጋ አሉ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ባልና ሚስት፣ ከግርጌያቸው ፍራሽ ላይ ሁለቱ ልጆች። ኮምፔንሳቶ ምስጢር አይቋጥርም። የጎረቤት ሳል፣ የጎረቤት ጠብ፣ የጎረቤት ማንኪያ ሲወድቅ ሁሉ ይሰማል፤ የእሷ ባል ግን ሁሉንም ጠቅልሎ አስንቋቸዋል። በግቢው ስሙ «ጀነሬተሩ» ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር «አይዟችሁ፣ ጀነሬተሩ ሊነሣ ነው» ይባባላሉ። በስተግራ ተከራይቶ የነበረው ተማሪ ፈተና ሲደርስ ዕቃውን ጠቅልሎ ወጣ። በእሱ ቦታ የገባው ሞባይል ጠጋኙ ደግሞ አይወጣም፣ ግድግዳውን ይደበድባል። ድም ድም ሲያደርግ ባሏ ይነቃና «ይቅርታ ጌታዬ» ይላል ለግድግዳው፤ ይገላበጥና እንደገና ይጀምራል። ሰውየው እንዲህ ነው። ትከሻው በር ይሞላል፣ አንገቱ ጉቶ ነው፣ ቀን ቀን ግን ድምፁን የሰማ የለም። በዚያ ድምፅ የሚያፍረውን ያህል በሌላ በምንም ነገር አያፍርም። ዘመድ ቤት አድሮ አያውቅም፤ ሲያመሽም ሠርግም ይሁን ለቅሶ ተነሥቶ ይመጣል።

ዳቦውን ይዛ ስትገባ ባሏ ተነሥቶ በመስታወት ስባሪ ፊት ጢሙን ይላጫል። ማታ አምሽቶ ነው የገባው፤ ዐይኖቹ ቀልተዋል። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ በቤቱ ባለችው አንድ ደህና ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። አውቶቡስ ድርጅቱ ውስጥ የስምሪት ኃላፊ ነው፤ የትኛው ሾፌር በየትኛው መስመር እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። ታናሽ ወንድሙንም ጋራዥ ጎማ ከሚፈታበት አንሥቶ መሪ ላይ ያስቀመጠው እሱ ነው። ስለዚህ እሱ ሲናገር ቤቱ ያዳምጣል። ዛሬ የሾፌሮች የጤና ምርመራ ቀን ነው፤ የባሏም ተራ ደርሷል።

«ሐኪሙ አዲስ ነው» አለ ወንድምየው። «እንደ ድሮው ዐይንና ልብ አይቶ የሚለቅ አይምሰላችሁ። ያ ሰውዬ መሪ ላይ አንቀላፍቶ ፀጉር ቤቱን ከደረመሰ ወዲህ የሚጠይቀው እንቅልፍ ብቻ ሆኗል። ታንኮራፋለህ ወይ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥልሃል ወይ። ባለፈው አንዱን መጠበቂያው ወንበር ላይ ሲያንኮራፋ አገኘውና እዚያው ከመሪ አወረደው።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። «አንቺ አብረሽው ትሄጃለሽ። ሥራሽ አንድ ነው፤ እንዳይተኛ። ዐይኑን ከከደነ ቆንጥጪው። ካልሰማ ይቺ አንገትጌሽ ላይ የምትሰኪያት ስፒል አለች አይደል? በሷ ጠቅ ነው። ውስጥ ሲጠይቁት እኔ እንደ ድመት ነው የምተኛው ይላል፣ አለቀ። አንቺን ከጠየቁሽ አላውቅም በይ። ዝም አይነቅዝም።»

«እሺ ጋሼ» አለ ባሏ ከሳሙናው አረፋ ውስጥ።

እሷ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስለ ስልኩ ልትናገር ነበር፤ የባሏን ፊት በመስታወቱ ውስጥ አየችና ተወችው። «ጋሼ፣ ግን እኮ…» ብላ ጀመረች።

«ግን የለም» አለ ወንድምየው፣ በቁጣ ሳይሆን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከመሪ ከወረደ እኔም ላድነው አልችልም። ጋራዥ ይመለሳል። በጋራዥ ደመወዝ ይሄን ቤት ማን ይይዘዋል? ልጆቹስ? እናቴንስ ወዴት እናደርጋታለን?» የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። ውሸት ቢሆን መልስ አታጣም ነበር።

አማቷ ይህ ሁሉ ሲባል ቃል አልተነፈሱም። በቤቱ ውስጥ ድምፅ አልባው ሰው እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ከመጋረጃው ማዶ ቤቱን ሲያናጋ እሳቸው በጎናቸው ተኝተው፣ ዐይናቸውን ገልጠው፣ አንድ ቀን እንኳ «ኧረ እባክህ» ብለው አያውቁም፤ ግቢው ጆሯቸው ደክሟል ብሎ ተስማምቷል። ወንድምየው ሲወጣ ልብስ ሰፊዋን በእጃቸው ጠርተው ወደ ጓሮ አወጧት። የታጠበ አንሶላ ነበር። አንዷ በአንድ ጫፍ፣ አንዷ በሌላው ይዘው ይጠመዝዙት ጀመር፤ ውሃው በመሃላቸው ሲሚንቶው ላይ ይወርዳል።

«አባቱም እንዲህ ነበር» አሉ አሮጊቷ አንሶላውን እያዩ። «ሰፈሩ በሱ ማንኮራፋት ይተርት ነበር። እንግዳ ሲመጣ አልጋ አንሰጥም፣ ጥጥ ነው የምንሰጠው ለጆሮው። እኔ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፍቶኝ አመድ መስዬ ነበር። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ዝም አለ። ዝም ሲል ተመስገን አልኩ። ተመስገን፣ ዛሬስ ሰላም ተኛ ብዬ ብርድ ልብሱን ሳብኩና ተኛሁ።»

አንሶላው አንድ ዙር ተጠመዘዘ። ልብስ ሰፊዋ እጇ ቆመ።

«እንደዚያን ቀን ጠግቤ ተኝቼ አላውቅም፣ ልጄ። ፀሐይ ነው የቀሰቀሰኝ። እሱ ቀዝቅዟል። ለልጆቹ ልቡ ነው አልኳቸው፤ ምን ልበላቸው? ቅዝቃዜው ሳይሰማኝ አጠገቡ ተኝቼ ነበር ልበላቸው?» ጠምዝዘው ጨረሱና ጫፉን ለምራታቸው አስረከቡ። «አንቺ ዝም ሲል ተመስገን አትበይ። ሌላ ምንም አልልሽም።» አንሶላውን ሳያሰጡ ገቡ። ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ገመዱ ላይ ዘረጋችው፤ ጫፎቹ አንገጥም ብለዋት ሁለት ሦስት ጊዜ አወረደችው። እሳቸው ጆሯቸው ደክሞ አልነበረም። እነዚያን ሌሊቶች ሁሉ ከመጋረጃው ወዲህ ሆነው እንደ እሷ እያዳመጡ ነበር።

ወደ ክሊኒኩ በአውቶቡስ ሄዱ። ባሏ በተሳፋሪ ወንበር ሲቀመጥ ሁልጊዜ እጁን የት እንደሚያደርግ ይጠፋዋል፤ ጉልበቱ ላይ አኖራቸው፣ አነሣቸው፣ ከዚያ ራሱ ወደ መስኮቱ ዘመመ። ሁለት ፌርማታ ሳይሄዱ መስታወቱ በትንፋሹ ደመነ። ልብስ ሰፊዋ ቆነጠጠችው፤ ፈገግ አለ፣ ዐይኑን ገለጠ፣ መልሶ ዘመመ። እዚህ ይተኛ ብላ ለቀቀችው፤ ክሊኒኩ ገና ነው። ቲኬት ቆራጯ ለጋ ሴት ናት፤ ከልብስ ሰፊዋ ባል ጋር በአንድ አውቶቡስ ስትሠራ ከርማ ዛሬ ከሌላ ሾፌር ጋር ተመድባለች። የሰው ሂሳብ ሰብስባ ስትጨርስ መጥታ አጠገቧ ቆመች፤ የተኛውን ሰው አየች፣ ቀጥሎ እሷን አየች።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝና» አለች ብረቱን እንደያዘች ጎንበስ ብላ። «ጋሽዬን እንደ አባቴ ነው የማያቸው። ግን አሁን አሁን ቀይ መብራት ላይ ስንቆም… አረንጓዴ ሲሆን ትከሻቸውን የምነካቸው እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ባለፈው ግን ቆመን አልነበረም። እየሄድን ነበር። ማዞሪያው ጋ። ሰው ጢም ብሎ ተሳፍሯል። ነካኋቸው፣ አልሰሙኝም። በቡጢ ነው የመታኋቸው።» ምራቋን ዋጠች። «ዛሬ ሌላ ቦታ ሲመድቡኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ ቀጥሎ የምትመደበው ትከሻቸውን መንካት እንዳለባት ታውቅ ይሆን ብዬ…» ከኋላ «ወራጅ አለ!» የሚል ጩኸት መጣና ሄደች። ልብስ ሰፊዋ የተኛውን ባሏን መለስ ብላ አየችው። ሌሊት የእሷ ክርን፣ ቀን የዚህች ልጅ ጣት። ሁለት ሴቶች ሳይነጋገሩ አንድን ሰው ከሁለት ጫፍ ይዘው ኖረዋል፤ በመሃሉ ደግሞ የሰው ልጅ ተጭኗል።

የክሊኒኩ መጠበቂያ ረጅም ክፍል ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከወገብ በላይ ነጭ ሊሆን አስቦ የቀረ። ወንበሮቹ በብረት የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲቀመጥ ሰባቱ ይናጣሉ። ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን ላይ ሰዎች አፋቸውን ይከፍታሉ። ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ለአንድ ብርጭቆ ሰፈር የሚከፈለውን እጥፍ ትቀበላለች፣ ስኳሩን ደግሞ ራሷ ነው የምትጨምረው፣ ሰው አታምንም። ልብስ ሰፊዋ ለባሏ ሻይ ገዛችለት፣ ደገመችለት። የመጀመሪያው ትንሽ ያዘው። ሁለተኛውን ጠጥቶ ሲጨርስ ብርጭቆው በጣቱ እንደተንጠለጠለ ዐይኑ ተከደነ።

በክርኗ ጀመረች። ከክርን ወደ ቁንጥጫ፣ ከቁንጥጫ ወደ ስፒሏ ሄደች። አንገትጌዋ ላይ ሁልጊዜ የምትሰካት ባለ ክብ ራስ ስፒል ናት፤ በጣቶቿ መሃል ደብቃ፣ የተቃቀፉ መስላ፣ ክንዱን ጠቅ ታደርገዋለች። ይባንናል። «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ይላል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሳቀ፤ «ስትሰፊኝ ዋልሽ እኮ» አላት፣ እሷም ሳቀች። ስም ተጠራ፣ ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። ከፊታቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ሲቀሩ ነርሷ ብቅ ብላ «ሐኪሙ ለአንድ ጉዳይ ተጠርተዋል፣ ትንሽ ታገሡ» አለችና በሩን ዘጋችው። ትንሽ የተባለው እየረዘመ ሄደ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ዞራ ጭኑ ላይ ወጣች። ሙቀት ለእንቅልፍ ወዳጅ ነው፤ አሁን ሲወጋም የሚባንነው በግማሽ ሆነ፣ ቅንድቡ ይነሣል እንጂ ዐይኑ አይከተለውም። አጥብቃ ወጋችው። ከንፈሩን ነከሰና «ተይኝ እስቲ፣ ትንሽ ብቻ» አላት፣ ልጇ ጠዋት ለትምህርት ስትቀሰቅሰው በሚላት ድምፅ።

ያን ጊዜ ነው እጅጌውን ያየችው። ሰማያዊው የሥራ ሸሚዙ ነው፤ ማታ ራሷ አጥባ ራሷ የተኮሰችው። ክንዱ ላይ የደም ነጠብጣቦች ተሰልፈዋል። ጥቃቅን ናቸው፣ ስፒል ምን ያህል ያደማል? ግን ብዙ ናቸው፤ በስፌት መኪና የተመታ መስመር ይመስላሉ። አሁን እሷ ምን እያደረገች ነው? ሰውየውን ከእንቅልፍ እየጠበቀችው ነው ወይስ ለእንቅልፉ እያስረከበችው? ዛሬ ወግታ ወግታ በዚያ በር ታሳልፈዋለች፤ ነገ መሪው ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ጢም ብሎ ይሳፈራል፤ ቲኬት ቆራጯ ሌላ ናት፣ ትከሻውን መንካት አታውቅም። ከዚያ ተርፎ ቤት ቢመጣም ሌሊቱ አለ። አንድ ሌሊት እሷም ሰው ናት፣ ይደክማታል። አንድ ሌሊት ዝም ይላል፣ እሷም በእንቅልፍ ልቧ ተመስገን ትላለች። ጋራዥ ታያት፤ ደመወዙ፣ ኪራዩ፣ ልጆቹ፣ የወንድምየው ፊት። ሁሉንም አየቻቸው። ሁሉንም ፈራቻቸው። ስፒሏን አንገትጌዋ ላይ መልሳ ሰካችና እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

ራሱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ጀመረ፣ ሰው ጉሮሮውን የሚጠርግ ያህል። ከዚያ ማርሹ ገባ። ሰባቱ ወንበሮች በብረታቸው ተንቀጠቀጡ፤ በወዲያኛው ጫፍ የተቀመጡ ሽማግሌ ከዘራቸውን ያዙ። ሻይ ሻጯ ብርጭቆ እንዳነሣች ቀረች። «ይሄ ነገር ከሰው ነው?» አለ አንዱ፣ ሌላው ቀድሞ ስልኩን አወጣ። ሳቁ ከጥግ ጥግ ተቀጣጠለ። ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ነደደ፤ ግን አልተነቃነቀችም፣ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ኧረ ቀስቅሺው፣ እናቴ» አሏት ሽማግሌው አዝነውላት። «መሳቂያ ሆነ እኮ።»

«ይተኛ» አለች።

ከዚያ ዝም አለ። «ተመስገን!» አለች አንዲት ሴት ከወዲያ፣ ክፍሉም እንደገና ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም፣ አልተነፈሰችም። ከእሱ ጋር ያዘች። ትከሻዋ ላይ ያለው ራስ ከበደ። የሐኪሙ ክፍል በር ተከፍቶ ቀጭን ነጭ ለባሽ ሰው ደፉ ላይ ቆሟል፤ መቼ እንደተመለሰ አላየችም። ሳቁን ሰምቶ ሊቆጣ ነበር የወጣው፣ ፊቱ እንደዚያ ይላል። ከዚያ የተኛውን ሰው አየ። እጁን አነሣ፤ ዝም በሉ ነው። ሌላኛውን እጁን ገልብጦ ሰዓቱን ተመለከተ። ሳቁ አንድ በአንድ ወደቀ፣ ስልኩን የያዘውም ሰው ሳያስበው ዝቅ አደረገው፤ ክፍሉ ሁሉ ምን እየሆነ እንደሆነ ገባው። የልብስ ሰፊዋ ደረት ነደደ። ዛሬ አልሰጥም እጄን አለች፣ ሰጠች። እሷ ተነፈሰች፣ እሱ አልተነፈሰም። ጣቷ ወደ አንገትጌዋ ሄደ፤ የስፒሏን ራስ ያዘች፤ ሐኪሙን በዐይኗ ለመነችው። ሐኪሙ አንድ እርምጃ ሲራመድ ባሏ ተናነቀ፣ አጓራ፣ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ቀና አለ።

ዙሪያውን አየ። ስልኮቹን አየ፣ ነጭ ለባሹን አየ። ሐኪሙ ግን የሚያየው እሷን ነው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

አላውቅም በይ ተብላ ነበር። «ሁልጊዜ ነው» አለች። «አንዳንዴ ከዚህም ይረዝማል።»

ባሏ ወደ እሷ ዞረ። በመጀመሪያ ክንዱን ዳሰሰ፣ ከዚያ አንገትጌዋ ላይ የተሰካችውን ስፒል አየ፣ ከዚያ ጭኗ ላይ ያረፈውን ባዶ እጇን። ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም። «ለምን አልቀሰቀስሽኝም?» አላት ቀስ ብሎ።

«ነገም እንድትነቃ ብዬ ነው።»

ተነሥቶ ሐኪሙን ተከትሎ ገባ፤ በሩ ሲዘጋ ወደ ኋላ አላየም። ሲወጣ ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ሐኪሙ እስከ በሩ ሸኝቶት፣ ሐሙስ መጥቶ እዚሁ እንዲያድር፣ ተኝቶ እንደሚያዩት፣ ነገሩ የሚታከም መሆኑን፣ እስከዚያ ግን መሪ እንዳይነካ ለሁለቱም ነገራቸው። የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው የሰሙት። ወደ ቤት በእግራቸው ሄዱ፤ አውቶቡስ በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። እሷ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ተከተለችው። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ስልኩ ጮኸ። ወንድምየው ነው፤ ድምፁ እስከ እሷ ይሰማል።

«ተኛሁ» አለ ባሏ። ወንድምየው ብዙ ተናገረ። «የለም፣ የለም። እሷማ ስትወጋኝ ነበር፤ ክንዴ ደምቷል ብልህስ? እኔ ነኝ የተኛሁት።» ስልኩን ዘጋና ኪሱ ከተተ። ያኔም አላያትም። ልብስ ሰፊዋ እንባዋ መጣ፤ ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

ቤት ገብቶ ሰማያዊውን ሸሚዝ አወለቀ፣ ምስማሩ ላይ አንጠለጠለው፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ አልጋው ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጣት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት አልገቡም። አማቷ የሸሚዙን እጅጌ አዩ፣ የምራታቸውን ዐይን አዩ፣ በርጩማቸውን ይዘው መጋረጃውን ገለጡና ከልጃቸው ራስጌ ተቀመጡ። እንዲህ አድርገው አያውቁም። ልብስ ሰፊዋ ግርጌው ላይ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ጀመረ። ኮምፔንሳቶው ተርገበገበ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉ ብርጭቆዎች ተነካኩ።

ድም! ድም! ድም! አለ ግድግዳው። ሞባይል ጠጋኙ ቤት ነበር። «ኧረ በቀን ደግሞ! ደንበኛ እያነጋገርኩ እኮ ነው!»

አሮጊቷ ተነሡ። ከዘራቸውን አነሡና በዚያ ግቢ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ፣ ግድግዳውን በከዘራቸው እየመቱ ጮኹ፦

«አሁን አይደለም የሚንኳኳው! ሲያንኮራፋ በሕይወት አለ! ዝም ሲል አንኳኳ! ዝም ሲል ነው፣ ሰምተሃል?»

ግድግዳው ዝም አለ። በሌሎቹ ክፍሎች የነበረው ወሬም ቆመ፤ ኮምፔንሳቶ ለሁሉም እኩል ያደርሳል። አሮጊቷ መልሰው ተቀመጡ፤ ልብስ ሰፊዋ እጃቸውን ያዘች። ባሏ በዚያ ሁሉ ጩኸት አልነቃም። አንኮራፋ፣ አንኮራፋ፣ ያቺን ቀጭን ጅራት ጎትቶ ጎትቶ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ያዘች። አማቷም ያዙ፤ እጃቸው ሲጠነክር ታወቃት። ክርኗን አዘጋጅታ ወደ ጎኑ ጠጋ አለች።

ከመንካቷ በፊት ግድግዳው ተንኳኳ። አንድ ጊዜ፣ ቀስ ተብሎ፣ የታመመ ሰው በር ላይ እንደሚንኳኳ።

ባሏ ተነፈሰ።